ሰው ሲናገር ብቻ የሚነቃ

የናዝራ እናት ወይዘሮ ሰዐዲያ በቁጠባ ነው የሚሰሙት። ጊደር መጋላ ገበያ እርድና ቅመም ሲሸጡ የጆሮ መስሚያቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ባትሪው ከአዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ ብዙ ያስጠብቃል፤ ሲመጣም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሰው ከንፈር እያዩ ይገበያያሉ። ይህ ነገር ናዝራን ያንገበግባታል።

ናዝራ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች፤ ባትሪውን የሚበላውን ታውቀዋለች። በመስሚያው ፕሮሰሰር ውስጥ እንደ ሰዓት እየመታ ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ምት አለ። ሰው ተናገረም አልተናገረም ይመታል፤ በመታ ቁጥር ኃይል ይበላል። እሷ ምት የሌለው ፕሮሰሰር ልትሠራ ተነሳች። አንዱ ክፍል ሥራውን ሲጨርስ ለሚቀጥለው «ተቀበል» ይለዋል፤ ድምፅ ከሌለ ሁሉም አርፎ ይቀመጣል። የማስተርስ አማካሪዋ ዶክተር ወንድወሰን መንገዱ እሾሃማ መሆኑን ነግረዋት፣ ቀለል ያለ ርዕስ እንድትይዝ መከሯት። በአክብሮት ሰማች እንጂ እሺ አላለችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሏታል ጓደኞቿ። ይበሏት።

ችግሩ ሰርኪዩቱ ትንሽ ሠርቶ ድርቅ ማለቱ ነበር። ወራት ፈጀባት። አንድ ጠዋት ወደ ኤረር በር በሚያወጣው ጠባብ መንገድ ሽማግሌው ጎረቤታቸው አብዱልፈታ ጆንያ ተሸክመው ከፊቷ መጡ። እሷ ግድግዳ ተጠግታ «ይለፉ» አለች፤ እሳቸውም ተጠግተው አንቺ እለፊ አሏት። ሁለቱም ቆሙ። ናዝራ ሳቋ መጣ። ሰርኪዩቷ ውስጥም ሁለት ክፍሎች እንዲሁ አንዱ ሌላውን ቅደም እያለ ይጠባበቃሉ! ለካ ለሰው ቅድሚያ መስጠት የለመደ አስተዳደጓን ነው ሰርኪዩቱ ውስጥ የገጠመችው። ይቅርታ ጠይቃ ቀድማ አለፈች፤ ያን ዕለትም አንደኛው ክፍል ማንንም ሳይጠብቅ እንዲጀምር አደረገችው።

ሰርኪዩቱ ሳይደርቅ መሥራት ሲጀምር የተገጠመበትን ሰሌዳ ቤት አምጥታ ለእናቷ አሳየች። ስትናገር የኃይል መለኪያው ቁጥር ከፍ ይላል፤ ዝም ስትል ወደ ዜሮ ይጠጋል። አልዋሸቻቸውም፤ ይህን ሳህን የሚያህል ነገር ጆሮ ውስጥ እስኪገባ ማሳነስ ዓመታት እንደሚፈጅ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሰዐዲያ ቋጠሯቸውን ፈትተው መስሚያውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ናዝራ ባትሪው እንዳያልቅ ብላ ልታስወልቃቸው ሞከረች።

«ቢያልቅ ይለቅ» አሉ። «ስትሠሪ ብቻሽን ታወሪያለሽ፤ ከንፈርሽ ሲነቃነቅ አያለሁ እንጂ ስለምታጎነብሺ አይገባኝም። ኢንሻአላህ ያንቺው እስኪደርስ ምን እንደምትይ ልስማ።»

ናዝራ አፈረች፤ ደስም አላት። ወደ ሰሌዳው አጎንብሳ ሽቦዋን ስትነካካ ግን ረሳቻቸውና እንደ ልማዷ ማጉረምረም ጀመረች። እናቷ ጠጋ ብለው አዳመጡ። «አልተውህም» ነበር ሰሌዳውን የምትለው።