የሰይድን መኪና ያሻሻጥኩ ዕለት

የአጎቴ ልጅ ሰይድ የጅዳ ላቡን ሁሉ አፍስሶ አንዲት አሮጌ ቀይ መኪና አስመጣ። አትርፎ ሊሸጣት ነዋ፣ አዋቂው! ቀረጧ ከዋጋዋ በልጦ፣ ሆዷ የከተማችንን የመካነ ሰላምን መንገድ ድንጋይ ሁሉ እየላሰ ገባች። ገዢ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አሻሻጩ እኔ ሆንኩ፤ በበቅሎ ገበያ ዕድሜ በመቀነስ የሚስተካከለኝ የለማ!

«ጋሼ፣ ወላሂ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ፀሐይ ነው ያገረጣት» አልኩ።

ሰይድ ጎኔን ቆነጠጠኝ። ጨምርበት ያለኝ መስሎኝ፣ «ሞተሯንም ትናንት በአዲስ ቀይረንላታል» ብዬ ማልኩ።

ገዢው ቁልፉን መለሰ። «እኔ የምሰበስበው ጥንታዊ መኪና ነው፤ የፈለግኳት ለእርጅናዋ ነበር» ብሎ ሄደ።

ሰይድ ዱላ እስኪያገኝ ድረስ እኔ ሸሽቼ ከላላ ከተማ ገብቼ ነበር።