ለአውሮፕላን ወንበር የተያዘ ሳር

ዓሣ ነጋዴ ነኝ። ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ተረክቤ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ላሉት ሆቴሎች አቀርባለሁ። አውሮፕላን ሲያርፍ እንግዳ መጣ ማለት ስለሆነ፣ ድምፁን ስሰማ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ በረዶ ሳጥኔ ነበር የምሮጠው። ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር ያሉት የባለቤቴ አባት ደግሞ ሸማ ሲሠሩ አውሮፕላኑ በላያቸው ካለፈ ምሳ ደረሰ ይላሉ። እንዲህ ለዓመታት ስንገለገልበት ከቤተሰቡ አንድም ሰው ተሳፍሮ አያውቅም።

አንድ ዓመት በልጉ ዘገየ፣ ዘገየና ሲመጣ የቀረበትን ሁሉ ባንድ ሳምንት አወረደው። የአማቴን የበቆሎ ማሳ ግማሹን ይዞት ገደል ገባ። የአዲስ አበባው መንገድ ወንዙ ላይ ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት ሴቻ ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስብሰባ ነበር። ተሰብሳቢዎቹ በአውሮፕላን መጡ፣ ዓሣዬን በሉ፣ አመሰገኑ። ዝናቡን የሚያዛባው የፋብሪካና የመኪና ጭስ፣ የአውሮፕላንም ጭምር መሆኑን የነገረኝ ሳህን ይዞ አጠገቤ የቆመ ተሰብሳቢ ነው።

«ታዲያ ኦቾሎ ያሉት አማቴ ምን አጠፉ?» አልኩት።

«እሳቸውማ ምንም» አለና ዓሣ ጨመረ።

ስብሰባው ባለቀ ማግስት ባለቤቴ በግራ ዓይኗ ጥቁር መጋረጃ ወረደብኝ አለች፤ ቀኙ ከልጅነቷ ጀምሮ አያይላትም። ሐኪሙ አየና፣ «ከዓይኗ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን እየተላቀቀ ነው። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ትሂድ፤ ከዘገየ ዓይኑ አይመለስም። በመኪና እንዳታንገላታት» አለኝ።

እኔ፣ እሷና ሊጠይቋት የወረዱት አባቷ ሆነን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከነፍን። የትኬቱ ሠራተኛ፣ «ሙሉ ነው፤ ነገም ሙሉ ነው» አለ፤ ተሰብሳቢዎቹ ሊመለሱ ተሰልፈዋል። ብለምነው፣ ብለምነው፣ «ጋሼ፣ እኔ ወንበር አልወልድም» አለኝ።

ዞር ስል አማቴ የሉም። ለካ ከአጥሩ ሥር ለምለም ሳር ሊነጩ ሄደው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሊጋደል ሲል ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ መሀል ይንበረከካል፤ ያንን አልፎ የሚሄድ የለም። ለአውሮፕላን ወንበር የተያዘ ሳር ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

«አባባ፣ ይሄ ጠብ አይደለም እኮ!» አልኳቸው።

«እነሱ ይሄዳሉ፣ የእኔ ልጅ ትቀራለች። ከዚህ በላይ ምን ጠብ አለ?» አሉና ሰልፉ ፊት ተንበረከኩ።

ተሰብሳቢዎቹ የስንብት ዝግጅት መሰላቸው፤ አጨበጨቡ። አንዱ ፎቶ አነሳ። አንዲት ፈረንጅ ስጦታ መስሏት ሳሩን ልትቀበል እጇን ዘረጋች፤ አማቴ አጥብቀው ያዙት። ያኔ ከአዲስ አበባ የመጣች ጎልማሳ ሴት ከሰልፉ ወጥታ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?»

አማቴ ሲጨንቃቸው አማርኛው ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። «ልጄ ዓይኑ ሊጠፋ ነው። አንተም እናት ነህ» አሏት። የቀረውን እኔ አስረዳሁ።

ሴትዮዋ ባለቤቴን አየቻት፣ ሳሩን አየችው። «ይነሱ አባባ። የእኔ ወንበር አለ» አለችና ወደ ሠራተኛው ዞረች፤ «የእኔን ሰርዝና ለእሷ ስጣት።» ሠራተኛው «በሕጉ መሠረት...» ብሎ ሲጀምር፣ ከኋላ ሰልፉ በሙሉ «ስጣት እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። ለመጮህ ሁሉም ፈቃደኛ ነበር።

ባለቤቴ ብቻዋን በረረች፤ እህቷ እዚያ ትቀበላታለች። እኔና ሴትዮዋ በዓሣ ፒክአፔ ተከተልን።

«ሽታው ይቅርታ» አልኳት።

«ስበላው ከርሜ አሁን ልጠየፈው?»

ወንዙ ጋ መኪናውን ተውን፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ክንዴን ተደግፋ ተሻገረች። ጭቃው መሀል ቆም ብላ፣ «ስብሰባው እዚህ ነበር መሆን ያለበት» አለች።

«እዚህማ ምሳ የለም፤ ማን ይመጣል?»

ሳቀች፤ ብዙ ግን አልሳቀችም። ማዶ አውቶቡስ ይዘን፣ ሶዶ አድረን አዲስ አበባ ስንገባ ባለቤቴ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሳ ተኝታ ነበር። ሴትዮዋ ቤቷ ሳትገባ፣ እግሯ ላይ ጭቃው ደርቆ፣ በር ላይ ቆማ አይታት ሄደች።

ሳንሳፈር ጭሱ እንደደረሰን አልረሳሁም፤ ለምን ልርሳ? ግን ያን ሁሉ ሰው ከያዘ ሰልፍ አንዷ ጎንበስ ብላ ባትጠይቅ ኖሮ ምን ይውጠን እንደነበር ሳስብ፣ ዛሬም ምስጋናው ይቀድመኛል።

የባለቤቴ ዓይን ፋሻ ሊፈታ ሲል ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። ሐኪሙ ፈታው። ባለቤቴ ዓይኗን አርገብግባ፣ እኔን አልፋ ሴትዮዋን ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አጭር ነሽ ለካ! በድምፅሽስ ረጅም መስለሽኝ ነበር።»

ሁለቱም ተቃቅፈው እየሳቁ አለቀሱ። መጀመሪያ እኔን ባለማየቷ አልተቀየምኩም፤ እኔን ለዓመታት አይታኛለች።