ይግዛው በማርያም ዕለት ያቀናው ጎማ

ቢቸና ውስጥ ይግዛውን የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቶ፣ በሃምሳ ስምንት ዓ.ም. እናቱን ሊያስታምም መጣና እዚያው ቀረ። ከገበያው በላይ አራት ቋሚ ተከለ፣ ቆርቆሮ አለበሰውና ጋራዥ ነው አለ። ሳቅንበት። ኋላ ግን ሁላችንም መኪናችንን እየጎተትን የሄድነው ወደሱ ነው።

ጎማ የሚያቀናው በሲባጎ ነበር። መኪናውን በክሪክ ያነሣና ጎማውን እያሽከረከረ መሃል ለመሃል በጠመኔ ያሰምራል። ከዚያ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ስፋት አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ በሲባጎ ይለካል። የፊቱ ከኋላው በአንዲት የክብሪት እንጨት ውፍረት መጥበብ አለበት። ይህ ከተዛባ መኪናው እንደ እልኸኛ በሬ ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል፣ ጎማህም ባንድ በኩል ተበልቶ ያልቃል። ሲጨርስ አብሮኝ ይወጣና ሜዳው ላይ ስንደርስ መሪውን እንድለቅ ያዝዘኛል። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ ይላል።

ብረት ስለሚነካ ግን ከኋላው ቀጥቃጭ የሚሉት አልጠፉም። በኛ አገር ቀጥቃጭ መባል ቡዳ ከመባል ብዙ አይርቅም፤ እንግዲህ ሰው የራሱን መኪና የሚያቀናለትን ሰው እንዲህ ይላል! ይግዛውም ይህን ስለሚያውቅ በዓል ማክበር ላይ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ሰንበቴ አይቀርበትም፣ በወር በዓል ብሎን አይነካም። «ሞቼ ካባቴ ጎን ካልተቀበርሁ የአዲስ አበባን እንጀራ ለምን ጥዬ መጣሁ?» ይለኝ ነበር። ከዚህ ሌላ የሚመኘው ነገር አላየሁበትም።

እኔ አምባቸው የመንግሥት ላንድሮቨር ሹፌር ነበርሁ። በስድሳ ሁለት ጥቅምት ላይ ባለቤቴ ሀብትነሽ፣ የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና፣ ሞጣ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ጧት ወንድሟ በቅሎዋን በላብ አጥምቆ ደረሰ። ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ካልደረሰች አለቀላት አለኝ። አለቃዬ ለስብሰባ ደጀን ወርዷል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መኪናዋ ግን ባለፈው ሳምንት ድንጋይ መትታ ሁለቱን የፊት ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ ጎብጧል። በዚያ ላይ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት መውረድ ራስን ገደል መክተት ነበር።

ይግዛውን ነጠላውን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አገኘሁትና እግሩ ላይ ወደቅሁ። ክንዴን ይዞ አነሣኝ። ከዚያ ነጠላውን አውልቆ ቋሚው ላይ ሰቀለ። «ለነፍስ ነው፣ ማርያም ታውቃለች። ሰው የጠየቀኝ እንደሆነ ግን አንተ ምስክር ትሆነኛለህ» አለኝ። በሚወለደው ልጄ ምዬ እሺ አልሁት። ዘንጉን ፈትቶ በመዶሻ አቀናው። ከተማው ጭር ብሎ ነበርና መዶሻው አገር ለአገር ተሰማ። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ስለነበር መኪናዋን ያየ አልነበረም።

ሀብትነሽ ተረፈች። ሴት ልጅ ተገላገለች። እነሱን ከእናቷ ጋር ባሕር ዳር ትቼ፣ አለቃዬ ሳይደርስብኝ በማግስቱ መኪናዋን አጥቤ ቦታዋ አቆምኋት።

በሃያ ሦስት ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ይህን የመሰለ አላየሁም። ሊታጨድ የደረሰው ጤፍ ከአፈር ጋር ተለጠፈ፤ ሴቶች ማሳ ዳር ቆመው እንደ ሬሳ አለቀሱ። በረዶ የሚመጣው በዓል ሲሻር ነው፣ ይህን ሕፃን ያውቃል። መዶሻውንም ሁሉም ሰምቷል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ተሰበሰብን። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ ግራዝማች ገብረ ኪዳን ነበሩ። ማሳቸው አንድ ዘለላ አልተረፈለትም። በማርያም ዕለት ብረት የቀጠቀጠ ማነው ብለው ሲጠይቁ ይግዛው ሳይለመን ተነሣና እኔ ነኝ፣ ለነፍስ ነው አለ። ነፍስ ለማዳን ከሆነ በዓል እንደማይሻር ቄሶቹም ያውቃሉ። ግራዝማች ምስክር አለህ ወይ አሉት።

«ያሠራኝ ሰው እዚህ አለ። እሱ ይናገር» አለ ይግዛው።

አለቃዬ ከጎኔ ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት ያለ ፈቃድ መኪና ያወጣ ሹፌር ባንድ ደብዳቤ አባርሯል። አራስ ሚስትና ልጅ ይዤ የት እወድቃለሁ አልሁ በልቤ። ይግዛው አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ስሜን ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠራም። አፌን እንዴት እንደዘጋሁት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሱን ከማኅበሩ አስወጥተው፣ እሳት የጫረለት፣ ውኃ ያቀበለውም አብሮ ይውጣ ብለው ፈረዱ። በሳምንቱ ቆርቆሮውን ነቅሎ ሞጣ ገባ።

አራት ዓመት ያህል እሱ ካለበት ሸሸሁ። በስድሳ ስድስት ሚያዝያ ላይ ግን መሪው እየጎተተ አላስነዳ ሲለኝ፣ ሌላ የሚያውቅለት የለምና፣ ሞጣ ወረድሁ። ከስቷል፣ ያስለዋል። ጠመኔውን አሰመረ፣ ሲባጎውን ወጠረ፣ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አላነሣም። ሜዳው ላይ መሪውን እንድለቅ አዘዘኝ። ከዚያ «ልጅቱን ማን አላችኋት?» አለኝ። አምሳለች አልሁት። «ትደግ» አለና ሳል ያዘው። ይቅር በለኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሲያስል ጊዜ ተውሁት፣ ሌላ ቀን እለዋለሁ ብዬ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን መርዶው መጣ። ሬሳውን በላንድሮቨሯ ቢቸና አመጣሁት። ግራዝማች ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ይህ ሰው ከማኅበር የወጣ ነው፣ እዚህ አይቀበርም አሉ። ያን ጊዜ ተናገርሁ። በማርያም ዕለት ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሚስቴን በምጥ ከመሞት ያዳነ ሰው ነው አልሁ። ያ አለቃዬ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የሚያባርረኝ አልነበረም።

ግራዝማች ወደኔ ዞሩ። «ያን ዕለት አፍህ የት ነበር?» አሉኝ። ፊታቸውን አዙረው ካባቱ ጎን እንዲቆፈር አዘዙ።

አፈር ካለበስነው በኋላ ብቻዬን ወደ ቤቴ ነዳሁ። ሜዳው ላይ ስደርስ መሪውን ለቀቅሁት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች።