የወረደ ደም

ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ባለው አገር አጥንት ሲሰበር የሚጠራው ወጌሻው አስማረ ነበር። ስብራቱን በዳበሳ ያገኘዋል፤ በቀርከሃ ስንጣሪ ጠፍሮ ያስረዋል፤ ሰውየው በአርባ ቀኑ እርፍ ይጨብጣል።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. መስከረም ላይ ግን በቅሎው ደንብራ ገደል አፋፍ ላይ ጣለችውና የራሱ ቅልጥም ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። «ሐኪም ቤት እግር ከመቁረጥ ሌላ ምን ያውቃል?» ይል የነበረው ሰው በቃሬዛ ወደ ከተማ ተወሰደ። መንገደኛ ባጋጠመ ቁጥር ጋቢውን ፊቱ ላይ ይስብ ነበር።

ሐኪሙ አጥንቱን በብረት ገጠመለት። እግሩን ከሥር በጀሶ አስደግፎ በፋሻ ጠቀለለና «ከእኛ በቀር ማንም እንዳይነካው» ብሎ አዘዘ።

በየሳምንቱ ወጣቱ ድሬሰር ቀለመወርቅ ቁስሉን አጥቦ ፋሻውን ይቀይራል፤ ከአስማረ ክንድም ደም ይቀዳል። ደሙን በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አቁሞ፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ ቀዩ ከአፉ ስንት መስመር እንደ ወረደ ይለካል። አጠገቡ የተኛው ሲራጅ፣ ክንዱ የተሰበረ የመካነ ኢየሱስ ጨው ነጋዴ፣ ይስቃል።

«አያ አስማረ፣ ደምህን እንደ ጠላ ሊያጠራው ነው! እኔ እንኳ ጠላ አልጠጣም፤ ያንተን ደግሞ ጭራሽ አልቀምሰውም።»

በሦስተኛው ሳምንት ቀለመወርቅ ቱቦውን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «አያ አስማረ፣ ደምዎ በጣም ወርዷል።»

አስማረ ክው አለ። በእሱ አገር የወረደ ሰው ወራዳ ነው፤ ልጅ አይዳርለትም፣ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም። ‹ያደረግሁትን ደሜ አወጣብኝ› አለ በልቡ።

ያደረገውን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ጌጤ ነበሩ። ከአምስት ቀን በፊት ልትጠይቀው ስትመጣ፣ ቅቤና የተወቀጠ ቅጠል በቅል አስመጥቷት ነበር። ፋሻውን በገዛ እጁ ፈትቶ ቁስሉን ቀባው፤ መልሶም ጠቀለለው። እጁን እንኳ አልታጠበም።

ሐኪሙ መጣ። «ደም በቱቦ ውስጥ ቶሎ ሲወርድ፣ ሰውነት ውስጥ ብግነት አለ ማለት ነው» አለ። «ከቀዶ ጥገና በኋላ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ከዚያ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ያንተም ባለፈው ሳምንት ቀንሶ ነበር። አሁን ተመልሶ ጨመረ።» ፋሻውን ፈታ። ቁስሉ አመርቅዟል። «ወደ አጥንቱ ከዘለቀ እግሩን ማትረፍ ያስቸግራል።»

ወዲያው ወደ ድሬሰሩ ዞረ። «ፋሻ የምትቀይር አንተ ነህ። እጅህን ሳትታጠብ ነው የነካኸው! ከነገ ጀምሮ እዚህ ክፍል እንዳላይህ።»

«ታጥቤያለሁ፣ ጌታዬ» አለ ቀለመወርቅ። 

አስማረ ደሙ ወራዳ እንዳልሆነ በመስማቱ ለአፍታ እፎይ ብሎ ነበር። ልጁ አንገቱን ሲደፋ ግን፣ ወራዳው ደሙ ሳይሆን እሱ ራሱ እንደ ሆነ ገባው። ያም ሆኖ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ሐኪሙ ወደ በሩ ሄደ።

ሲራጅ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «ቅቤው እኮ እስከዚህ ይሸታል፣ አያ አስማረ። እኔ አልናገርም። ያንተ ፋንታ ነው።»

«ጌታው!» አለ አስማረ። «ልጁን ይተዉት። የፈታሁት እኔ ነኝ። ቅቤ ቀባሁበት።»

«አንተ ምን ስለሆንክ ነው የምትፈታው?»

«ወጌሻ ነኝ።»

ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ቀና ብሎ ነበር የሚናገረው። ያን ቀን ፊቱን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ ተናገረው።

ሐኪሙ ቀለመወርቅን ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ፋሻ የመቀየሩን ሥራ ብቻ መለሰለት። ቁስሉ እንደገና ተከፍቶ ታጠበ። የፔኒሲሊን መርፌውን ጧትና ማታ የሚወጋው፣ ቁስሉን የሚያጥበው ያው ቀለመወርቅ ነበር። ስለ ቅቤው አንድም ቃል አላነሳም። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

በሁለተኛው ወር ቀለመወርቅ ቱቦውን ይዞ እየሳቀ መጣ። «ዛሬ እምብዛም አልወረደም፣ አያ አስማረ!» አስማረ ዓይኑን ከጣሪያው ላይ ሳያነሳ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እያነከሰ አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ የተሰበረ ሰው ሲያመጡለት መጀመሪያ በፈላ ውኃ እጁን ይታጠባል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ከሆነ «ቃሬዛ አምጡ፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ይላል።

«አንተ እያለህ?» ይሉታል።

«ይኸ የኔ አይደለም።»

ቃሬዛው ሲነሳ እያነከሰ ጥቂት ይከተላል። ‹እዚያ ቀለመወርቅ የሚባል ድሬሰር አለ፤ አስማረ ይቅር በለኝ ብሎሃል በሉልኝ› ሊል ይፈልጋል። አንድም ቀን ግን ከአፉ አልወጣም።