የፍልሰታው ምርመራ

ያንን ሱቅ ባለፍኩ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል። በስደት በምንኖርባት ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ነው። ከፊት ሻምፖና የውሻ ምግብ ይሸጣል፤ ከጀርባ፣ ከመድኃኒት መሸጫው ጎን፣ ነርስ ያለ ቀጠሮ የምታክምበት ጠባብ ክፍል አለ።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የትምህርት ቤቷ የሩጫ ቡድን ውስጥ ለመግባት «ጤነኛ ናት» የሚል የሕክምና ፊርማ ተጠየቀች። ከተወለደች ጀምሮ የምታያት የሕፃናት ሐኪም ያለችው ጎረቤት ከተማ፣ ሴንቴኒያል ነው። ደወልኩ። ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆዩና አንዷ አንስታ፣ ክፍት ቦታ ያለን መስከረም ላይ ነው አለችኝ። ሩጫው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል አልኳት። «አዝናለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሐዘን የሚባል ነገር አልነበረም።

«ምን ያንጨረጭርሻል? ሱቁ ጋ ወስደን እናስፈርማታለን፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለ ባሌ። ለእሱ ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ ነው።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። በፍልሰታ ልጆች እንዴት እንደሚሆኑ ወላጅ ያውቃል። «በቃሽ፣ ትንሽ ቅመሺ» ብትላቸው አይሰሙም፤ የእኔዋ ከጓደኞቿ ጋር ተፎካክራ፣ ቆርባ እስክትወጣ ድረስ ውሃ እንኳ አልቀምስም ብላ ነበር። ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚጀምር ጠዋቱን ሱቁ ጋ ወሰድናት።

ነርሷ ልጄን መዘነቻት፣ ግፊቷን ለካች፣ ፊቷን አየት አደረገችና «ዛሬ ምን በላሽ?» አለቻት።

«ናቲንግ።»

«ትናንትስ?»

«ናቲንግ፣ ቸርች እስኪያልቅ።» ልጄ ይህን ስትል አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። ልትመሰገን መስሏታል።

ነርሷ ግን ወደ እኛ ዞረች። ቤት ውስጥ በቂ ምግብ አለ ወይ? ብላ ጠየቀችን። እኔን! ቀኑን ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያ የሰው እናት በማንኪያ ሳጎርስ የምውለውን! ንዴት እንግሊዝኛዬን ጠራርጎ ወሰደው፤ «ፆም ነው፣ ሃይማኖታችን ነው» ለማለት እንኳ ምላሴ ተሳሰረ። ባሌ ደግሞ ነጭ ጋዋን ሲያይ የሚያደርገውን አደረገ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግ እያለ፣ «ኖ ፕሮብለም፣ ቴንክ ዩ» አላት። አገሩ ላይ ይህ ጨዋነት ነው። እሷ ያየችው ግን ልጁ ተርባ የሚስቅ አባት ነው።

አልፈርምም አለች። ለሕፃናት ጥበቃ ክፍል ማሳወቅ ሊኖርብኝ ይችላል አለች። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ያውቃል። ልጄም ገባት፤ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

መኪና ውስጥ ባሌ ላይ ጮህኩበት። «ምን ያስቅሃል? ልጅህን ሊወስዱብህ ነው፣ አንተ ታመሰግናለህ!»

«ታዲያ ልሳደብ?» አለኝ።

«አዎ፣ ተሳደብ!»

ቤት ስንደርስ ሴንቴኒያል መልሼ ደወልኩ። ሙዚቃውን አልሰማም ብዬ ጮህኩ፣ አለቀስኩም። አመሻሹ ላይ ሐኪሟ ራሷ ደወለች። «ነሐሴ አይደል? ያ የልጆቹ ፆም ነዋ» አለችኝ። «ውሃ ትጠጣ። ሰኞ አምጪያት፣ እፈርማለሁ። ከሱቁም ጋር እኔ እነጋገራለሁ።» አለቀ። ይኸው ነበር ነገሩ። ማመስገን ሲገባኝ ይባስ ተናደድኩ። ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ ካልፈጀባት፣ እኔን ለምን መስከረም አሉኝ? ልጄን የምታውቅ ሴት እያለች፣ ልጄን በማታውቅ ሴት ፊት ለምን አቆሙኝ?

ያንን ንዴቴን ይዤ ተኛሁ። ልጄ ምን ይዛ እንደተኛች አልጠየቅኩም።

ጠዋት ወደ ኩሽና ስገባ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። የቁርስ ሲሪያሏን በወተት ሞልታ ትበላለች። እያለቀሰች ነው የምትውጠው።

«የእኔ እናት፣ ፍልሰታው ገና አላለቀም እኮ» አልኳት።

ማንኪያውን አፏ ድረስ አንስታ፣ እዚያው ያዘችው።

«ማሚ፣ ፒክቸር አንሺኝ» አለች። «ሲመጡ ሾው ታደርጊያቸዋለሽ።»