ቀይ የተቀባው ዓሣ

እዚህ አሜሪካ፣ አዲሰን ከተማ ውስጥ፣ ፊት ለፊታችን የምትኖረው የወሎ ሴት ሙስሊም ናት፤ እኛ ጴንጤዎች ነን። እሷም የክርስቲያን፣ እኛም የሙስሊም ሥጋ ስለማንበላ፣ እራት ስጋብዛት ሁሌም የማቀርበው ዓሣ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ የጀርመን ምግብ መደብር «ዜላክስ» የሚል ቀይ ዓሣ በጠርሙስ ገዛሁ። ሻጩ የባሕር ሳልሞን ማለት ነው ብሎ በሳልሞን ዋጋ ሸጠልኝ።

ጎረቤቴ ፍራንክፈርት ኖራለች። ለእራት መጥታ ጠርሙሱን ገና ስታየው ሳቋ መጣ።

«ይሄ እኮ ሳልሞን አይደለም። የድሮ ስሙ ኬለር ነው፣ ከሰል አክሳይ ማለት። ጀርባው ስለሚጠቁር ነው እንዲያ ያሉት። ነጋዴዎቹ በዚያ ስም አልሸጥ ሲላቸው የሳልሞን ዘመድ አደረጉት። ሥጋውንም ቀይ ቀለም ውስጥ ነከሩት።»

ደሜ ፈላ። «ምን ዓይነት ድፍረት ነው! ቀለም ቀብቶ፣ ስም ቀይሮ፣ ዋጋ ሰቅሎ መሸጥ! ዝም ብሎ የሚከፍል ሞኝ አለ ብለው ነው?» ብዬ ጮህኩ። ነገውኑ ወስጄ ካልመለስኩለት አልኩ።

ባሌ ተነስቶ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ፓርኪንጉ መግቢያ ላይ አዲሱ ታፔላ ያበራል። ባለፈው ወር አከራዮቻችን ያንኑ አሮጌ ግንብ ነጭ ቀብተው፣ ለአፓርትመንቱ የፈረንሳይ ስም አውጥተው፣ ኪራይ ጨምረውብናል። ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል። እኛም ትንፍሽ ሳንል የኪራይ ሊዙን ሪኒው አድርገን ፈርመናል።

«በይ ቁጭ በይና እንብላ» አለኝ። «የምንኖረውም ዜላክስ ውስጥ ነው።»