አማቴን በስማቸው የጠራሁ ቀን

ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን እህቴ አስቴር ቤት ሰነበትኩ። ብዙ ዘመን ካገር ርቄ ስለኖርኩ የከተማውን ብርድ የረሳሁት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እኔን አልረሳኝም፤ ገና ከመኪና ስወርድ ጉልበቴን ያዘኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋቢ ደርቤ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየበላሁ ሳለ፣ የአስቴር ልጅ ሜሮን ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ባሏ ውጭ አገር ነው። የሚስትነት ቪዛዋ ወረቀት ሁሉ አልቆ ኤምባሲ ቀርባ መጠየቅ ብቻ ቀርቷታል።

«አክስቴ፣ አንቺ አልፈሽበታል አይደል? እስቲ እንደ ቆንስሏ ሆነሽ ጠይቂኝ» አለችኝ።

መነጽሬን አጠለቅኩና ፊቴን ኮስተር አድርጌ የባሏን ስም ጠየቅኳት። ነገረችኝ። የአባቱንስ? ስል የአማቷን ስም ከነአያታቸው፣ እንደ ሰፈር ልጅ ስም፣ ሳትተነፍስ ጠራችው። እኔ ሳላስበው አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ምነው፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«የለም፣ ልክ ነሽ» አልኳት። ልክ ነች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ድንቹንም ቆንስልነቱንም ትቼ በሐሳቤ አንኮበር ሄጃለሁ።

ሰለሞንን ያገባሁት ገና ልጅ ሆኜ ነው ብል ሰው ይታዘበኛል፤ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። ስለ ትዳር የማውቀው ግን የልጅ ያህል ነው። እሱ ቀደም ሲል ዕድል ደርሶት ውጭ ወጥቷል። ለሠርጋችን መጣ፣ በቁርባን ተጋባን፣ ወር ሳይሞላን የሥራ ፈቃዱ አለቀና ተመለሰ። እኔ ወረቀቱ እስኪደርስ ድረስ አንኮበር አባቱ ዘንድ እንድቀመጥ ተወሰነ። ማን እንደወሰነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያኔ እንዲህ ያለው ነገር ራሱ የሚወሰን ይመስል ነበር።

አማቴ የዜማ መምህር ናቸው፤ መሪጌታ። ሚስታቸው ከሠርጋችን በፊት አርፈዋል፤ አንዲቷ ሴት ልጃቸው አረርቲ አግብታ ትኖራለች። ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ጠዋት ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ቅንጬ አቀርባለሁ፣ ይባርካሉ፣ እንበላለን፣ ዝም እንላለን። መጀመሪያ ዝምታቸው ያስፈራኝ ነበር። በኋላ ግን ደጁ በጉም ተሸፍኖ የአስታው እንጨት ሲነድ፣ ከእሳቸው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥን የመሰለ ነገር እንደሌለ ገባኝ። በአባቴ ቤት ሁሉም ስለሚያወራ ዝምታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የእኛ አገር ሙሽራ የአማቷን ስም አትጠራም። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የሚጥሰውም የለም። እናቴ በሠርጌ ማግስት ካስጠነቀቀችኝ ነገር ሁሉ ይህን ነው አጥብቃ የነገረችኝ። እኔም አጥብቄ ያዝኩት። ከአጥር ማዶ ስማቸው ከአማቴ ስም ጋር አንድ የሆነ ጎረቤት ነበሩ። እሳቸውን እንኳ በስማቸው ጠርቼ አላውቅም፤ «የአባባ ሞክሼ» ነበር የምላቸው። ሰውየውም ለምደውት ይስቁ ነበር።

ከሰለሞን ጋር የምንገናኘው በስልክ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን እወጣና ስልክ ቤት ተሰልፌ ድምፁን እጠብቃለሁ። በሐምሌ አንዱን ቅዳሜ ከወትሮው በተለየ ፈጠን እያለ አወራ።

«ቀጠሮሽ ወጥቷል። ከመስቀል በኋላ ነው። ብዙ ነገር ይጠይቁሻል። የምሠራውን ሥራ፣ የአባቴን ስም፣ የእህቴን ስም፣ በየት በኩል እንደምተኛ ሳይቀር።»

«በየት በኩል ነው የምትተኛው?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል።

«አላየሽም?»

«ዓይኔን መቼ ገለጥኩና።»

ከዚያ ማዶ ሆኖ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቹ ሁሉ ፈተና ሆኑልን። ውሻ እንደሚፈራ፣ ሻይ በሎሚ እንደሚወድ፣ ልጅ ሳለ የአባቱን ዜማ ላለመማር አሊዩ አምባ ገበያ ወርዶ እንደተደበቀ ነገረኝ። ቆንስል ይጠይቃል ተብሎ የተጠና ነው ሁሉም፤ እኔ ግን ሰውየውን የወደድኩት በዚህ ጥናት ነው። ስለዚህ ቪዛውን ማጣት በሐምሌና በጳጉሜን ለእኔ አንድ አልነበረም። በሐምሌ ገና በቅጡ የማላውቀው ባል እንዳይቀርብኝ ነበር የምፈራው። በጳጉሜን ሰለሞንን እንዳላጣ ነበር የምፈራው።

ፍርሃቱ ደግሞ ከሜዳ አልመጣም። ከመዘዞ አንዲት ሴት የአማቷን ስም ተጠይቃ፣ እያወቀችው ዝም ብላ፣ ትዳሩ የውሸት ነው ተብላ ተመለሰች ሲባል ሰምተናል። አንኮበር ውስጥ አንዲትም ሴት «ለምን ዝም አለች?» ብላ አልጠየቀችም። ሁላችንም ለምን እንደሆነ እናውቃለን።

«ማን ያለማምድሽ?» አለኝ ሰለሞን።

«ከአባባ በቀር ማን አለኝ?»

እሳቸውም ነገሩን እንደ ሥራ ያዙት። ማስተማር የሚያውቁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ደቀ መዝሙር እንደሚያስተምሩት። ማታ ከራት በፊት ቀለም ይሰጡኛል፣ ማለትም የሚጠና ጥያቄ ከነመልሱ፤ ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ ያስቀጽሉኛል፣ ያጠናሁትን በቃሌ ያስወጡኛል። ስሳሳት በመቋሚያቸው ወለሉን መታ ያደርጋሉ፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በፍልሰታ ጾም ሌላው ሰው ውዳሴ ማርያም ሲደግም እኔ የባሌን የሥራ ሰዓት ስደግም ከረምኩ።

አንድ ቀን እዚያች ጥያቄ ላይ ደረስን። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣

«የባለቤትሽ አባት ማን ይባላሉ?» አሉኝ።

«አባባ።»

«አባባ ስም ነው?»

«ለእኔ ስም ነው።»

«ለፈረንጁ አይሆነውም። ጥሪው።»

ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። ደግመው ጠየቁኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «ይኸው፣ አላይሽም። በይ» አሉ። ጀርባቸውም አማቴ ነው፤ እንዴት ልበል? ላብ አጠመቀኝ፤ በዚያ ብርድ።

በመጨረሻ ብድግ አሉና በሩን ከፍተው ወጡ። ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ግቢውን ሞልቶት ስለነበር ደጃፉን እንደተሻገሩ ጠፉ። በሩን ከውጭ ዘጉት።

«አሁን እኔ የለሁም። ቤቱ ባዶ ነው። የባልሽ አባት ማነው?»

ምድጃው ላይ ዓይኔን ተክዬ ስማቸውን ተናገርኩ። ከንፈሬ ብቻ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም።

«አልሰማሁም» አሉ ከውጭ።

ደገምኩት።

«አልሰማሁም። ሰዎቹ በመስታወት ጀርባ ናቸው ይባላል፤ ጮክ በይ።»

አንዴ ከገባሁበት ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ከነአባታቸው ጠራኋቸው።

«አቤት!» አሉ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሞክሼያቸው።

ከዚያ ጉሙ ውስጥ አማቴ ሲስቁ ሰማሁ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሲስቁ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ቆይተው ገቡ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር፤ ከሳቅ ብቻ መሆኑን እንጃ። «ደኅና ነው። የነገውን ቀለም እንያዝ» አሉና ተቀመጡ።

ስማቸውን እዚህም አልጻፍኩትም። የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል።

ከመስቀል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ለመውረድ አስቴር ዘንድ አደርኩ። ታናሼ ናት፤ ያኔ ደብረ ብርሃን አዲስ አስተማሪ ሆና ቤት ተከራይታ ነበር። ያጠናሽውን ልስማሽ አለችኝና ጀመርኩላት። ትንሽ ሰምታ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ዳዊት እየደገምሽ ነው እንዴ? ዜማ እኮ አለው።»

እውነቷን ነው። ሳላውቀው ከባሌ ስም ጀምሬ እስከ መኝታው ድረስ በአንድ ስልት እወርደው ነበር። ይባስ ብሎ ከመሀል አውጥታ ስትጠይቀኝ መልሱ የሚመጣልኝ ከመጀመሪያው ስነሳ ብቻ ነው። ይቺ ሴት ሸምድዳ መጣች ይሉሻል ብላ ፈራች። ያን ቀን እስኪመሽ፣ ጎመን ስንከትፍም ልብስ ስናጥብም፣ ጥያቄውን እየገለባበጠች ስትወረውርብኝ ዋለች።

የኤምባሲው መስኮት ላይ የጠበቀችኝ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ አጠገቧ ሐበሻ አስተርጓሚ ቆሟል። ስለ ሰለሞን ጠየቀችኝ፣ ሳልደናገጥ መለስኩ። የአባቱን ስም ጠየቀችኝ። ይህንማ ወደ ጉሙ ጮኼ ያለፍኩት ነው ብዬ ኮራሁ። ሰውነቴ ግን አልሰማኝም። ስሙን ከመጥራቴ በፊት አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «ይቅር ይበሉኝ» ስል ራሴን አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ነው የጠራኋቸው።

ሴትዮዋ ብዕሯን አቆመችና አስተርጓሚውን አየችው። አስተርጓሚው ረዘም አድርጎ አስረዳት። ፊቱን ሳየው እናቱ ወይም ሚስቱ እንዲሁ እንደሆኑ ገባኝ። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ከእሳቸው ጋር ነው የምትኖሪው? አዎ። ምግብ የምታበስይላቸው አንቺ ነሽ? አዎ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ አስተርጓሚውም ቀስ ብሎ፣

«አንቺ ስትሄጂ ማን ይጦራቸዋል? ትላለች» አለኝ።

ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንን ሁሉ ስናጠና ይቺ ጥያቄ አልነበረችም። «አላውቅም» አልኩ፤ እንባዬም ቀደመኝ። ሴትዮዋ ከመስታወቱ ሥር ባለችው ክፍተት ሶፍት አሳለፈችልኝ። ጥቂት ጻፈችና ቪዛሽ ተፈቅዷል አለችኝ። ደስ ብሎኛል ማለት ነበረብኝ፤ ደግሞም ብሎኛል። ግን እስከ ደብረ ብርሃን መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ ነው የተመለስኩት።

አንኮበር ስደርስ አማቴ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ገብሱ ሊደርስ ቢጫ እየጣለ ነበር። «ተፈቀደ?» አላሉኝም። «ቀጽዪልኝ» አሉ። ወደ ቤት እየሄድን የተጠየቅኩትን ሁሉ በየተራ ነገርኳቸው። መጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ስደርስ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ቀጥዪ እንጂ።»

«ስትሄጂ ማን ይጦራቸዋል አለችኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አላውቅም አልኩ።»

ጥቂት ሄድን። «ያቺ ጥያቄ እንደምትኖር አውቅ ነበር» አሉ ወደ ፊት ብቻ እያዩ። «ረስቻት አይደለም። ዘልያት ነው።»

«ለምን፣ አባባ?»

«ቀለሟን ብሰጥሽ ትቀሪያለሽ ብዬ።»

ከዚያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልበላሁም ነበር።

በኅዳር ሄድኩ። ልጃቸው አረርቲ ልትወስዳቸው መጥታ ነበር፤ ቆላ አይስማማኝም፣ ደቀ መዛሙርቴንም አልተውም ብለው ቀሩ። የሞክሼያቸው ባለቤት እንጀራ ታደርስላቸው ነበር። በስልክ ሳገኛቸው ስለ ራሳቸው አይነግሩኝም፤ የሰለሞንን ሁኔታ እንደ ድሮው ያስቀጽሉኛል። ሁለተኛ ልጃችንን ነፍሰ ጡር ሳለሁ በክረምት አረፉ። ለቀብራቸው አልደረስኩም። ብዙ ነገር አልፎልኛል፣ ብዙ ነገርም ተረስቶኛል፤ ይህ ግን ያመኛል።

«አክስቴ፣ ሌላስ ምን ይጠይቃሉ?» አለችኝ ሜሮን።

አስቴር ከመስኮቱ አጠገብ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሜሮን ሌላ ልጅ የላትም። አማቴ ያቺን ጥያቄ የዘለሏት ከፍቅር ነው፤ ይህንን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ግን ጥያቄዋ ያለ ዝግጅት፣ የማላውቃት ሴት ፊት፣ በመስታወት ማዶ ነው ያገኘችኝ። ጉም ባለበት ቤት፣ ከእሳቸው ጋር ተቀምጬ ባለቅስባት ይሻለኝ ነበር። መልስ ባናገኝላትም አብረን እናጣላት ነበር። ስለዚህ አልዘለልኳትም።

«አንቺ ስትሄጂ እናትሽን ማን ይጦራታል?»

ሜሮን ስልኳን አስቀመጠች። እናቷን አየቻት። አስቴር ከወረቀቱ ላይ ቀና አላለችም፤ ቀዩ እስክሪብቶዋ ግን ቆሟል። ልጅቷ ተነስታ ሄደችና እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። አስቴር በነፃ እጇ የልጅቷን ፀጉር ዳበስ ዳበስ አደረገች፣ ከዚያም በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«በይ ተነሽ» አለቻት። «የአማትሽን የትውልድ ቦታ ገና አላጠናሽም።»